ማዳም የሆንኩበት እሑድ

በቤሩት ዳርቻ፣ በዛልቃ ምድር አንድን የብረት በር በትወና ብቻ ያስከፈተ ሰው ቢኖር እኔ ነኝ። መዶሻ አላነሳሁም፣ ቁልፍ ሠሪ አልጠራሁም፣ ጠበቃ አላቆምኩም። ተረከዙ ስንዝር የሚሆን ጫማ አደረግሁ፣ ከንፈሬ ላይ ቀይ ቀለም ለቀለቅሁ፣ ሁለት ዓመት ተቆልፎ የከረመው በር ብርግድ አለ። ከዚህ እስከ ጅዴይዴ ያለ ሐበሻ ሁሉ ይመሰክርልኛል።

እርግጥ ነገሩን በቃለ መሐላ ካስጠየቃችሁኝ፣ በሩን የከፈተችው የቤቱ እመቤት ናት፤ የከፈተችውም በቁልፍ ነው። እኔ በዚያ ሰዓት የሕንጻው መግቢያ ላይ በጀርባዬ ተዘርሬ፣ አንዱ ተረከዝ ተገንጥሎ፣ ቀሚሴ እስከ ጉልበቴ ተገልቦ "ያ ረቢ" እያልኩ ነበር። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልጀምር።

እኔ ናጡር ነኝ። ናጡር ማለት እዚህ አገር የአንድ ሕንጻ ዘበኛም፣ ጽዳትም፣ ቧንቧ ጠጋኝም፣ የጎረቤት ጠብ ገላጋይም የሆነ ሰው ነው። የምኖረው ከደረጃው ሥር ባለች ክፍል ውስጥ ሲሆን፣ ክፍሏ ከመጥበቧ የተነሳ ተኝቼ ጎኔን መገልበጥ ሲያምረኝ ወደ ውጭ ወጥቼ ተመልሼ እገባለሁ። ሕንጻው ባለ ስድስት ፎቅ ነው። ቧንቧ የፈነዳ፣ ጋዝ የሸተተ እንደሆነ ገብቼ እንዳይ የየቤቱ ትርፍ ቁልፍ ከትራሴ በላይ በየሚስማሩ ተንጠልጥሏል። አውራ ጎዳናው ላይ ከባድ መኪና ባለፈ ቁጥር ሁሉም ይንቃጨላሉ። ድሮ እንቅልፍ ይነሱኝ ነበር፤ አሁን ተላምጃቸው ጭራሽ አልሰማቸውም።

አረብኛዬ ላይ ትንሽ መቆም አለብኝ፤ ያለ እሱ የሚመጣው ነገር አይገባም። አረብኛ ያስተማሩኝ የአገሬ ሴቶች ናቸው። እነሱን ያስተማሯቸው ደግሞ ማዳሞቻቸው ናቸው። ማዳም ለሠራተኛዋ የምትናገረው ሁሉ ትእዛዝ ነው፤ ትእዛዙም ሁሉ ለሴት የሚባል ነው። ታዒ፣ ማለትም ነይ። ጂቢ፣ አምጪ። ናድፊ፣ አጽጂ። ሴቶቹ የሰሙትን ሳያጎድሉ ለእኔ አስረከቡኝ። ስለዚህ እኔ ጢሜን በቀን ሁለት ጊዜ የምላጭ ወንድ ሰውዬ፣ ያገኘሁትን ሁሉ "ነይ" እና "አምጪ" እያልኩ ስንት ዓመት ኖርኩ። አንድ ቀን ኬላ ላይ፣ ትከሻው የጋራዥ በር የሚያህል ወታደር ወረቀት ቢጠይቀኝ፣ በትሕትና ጎንበስ ብዬ "ተፈደሊ ሐቢብቲ" አልኩት። በእኛ ቋንቋ "እንኪ የኔ ፍቅር" እንደማለት ነው። ጓደኞቹ መሣሪያቸውን ግድግዳ ላይ አስደግፈው ሳቁ። እሱ ወረቀቴን ገልጦ እንኳን ሳያይ "ያላ፣ ከፊቴ ጥፋ" አለኝ። ወላሂ ዛሬም ያንን ኬላ ዞሬ ነው የማልፈው።

ይህ አረብኛችን የጎደለው ነገርም አለው። "እባክሽ" የሚል ቃል የለበትም። "እፈልጋለሁ" የለበትም። ማዳም "እባክሽ" ማለት ሲያምራት በፈረንሳይኛ "ሲል ቩ ፕሌ" ትላለች፤ እሱንም ለጎረቤቷ። ከላይ ወደ ታች ብቻ የሚወርድ ቋንቋ ነው የያዝነው፤ ወደ ላይ የሚወጣበት ደረጃ የለውም።

አራተኛ ፎቅ የምትሠራው ልጅ የሐይቅ ልጅ ናት፣ የእኔው የወሎ። ድምፅዋን እንጂ መልኳን በቅጡ አላውቀውም ነበር። ማዳሟ ስትወጣ በሩን ከውጭ ትቆልፍባታለች። እሑድ እሑድ ከሚስተሩ ጋር ወደ ተራራው ምሳ ሲወጡ ደግሞ እስከ ማታ ድረስ ነው። ማዳሟ ክፉ ሴት አይደለችም፤ በበዓል ለእኔ ጣፋጭ የምትልክ፣ ለሰፈር ድመት ወተት የምታስቀምጥ ናት። ለምን እንደምትቆልፍ ስትጠየቅ "እንዳትጠፋብኝ ነው" ትላለች፤ ስለ ጃንጥላዋ የምታወራ ነው የሚመስለው። ልጅቱ ከዓለም ጋር የምትገናኘው በሰሌ ብቻ ነበር። ሰሌ ከሰገነት በገመድ የሚወርድ ቅርጫት ነው። እሷ የሚገዛውን ጽፋ ታወርዳለች፣ እኔ ዳቦውንና ሽንኩርቱን እከታለሁ፣ እሷ ትስባለች።

አንድ እሑድ ሰሌው ወረደ፤ ውስጡ በአሮጌ የቀን መቁጠሪያ ጀርባ ላይ የተጻፈ ብዙ ወረቀት ነበረበት። ዛሬስ ግብዣ አለ ብዬ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት፤ ሽንኩርት የሚል አጣሁ። ለካ በጠርዙ ላይ "ጋሼ፣ ይሄንን ለሴቶቹ ስጥልኝ፤ ቴአትር ነው" የሚል ተጽፎበታል።

ሴቶቹ የምትላቸው እሑድ እሑድ ከሕንጻው ጀርባ፣ መኪና ማቆሚያው ግንብ ላይ ተደርድረው የሚውሉትን ነው። ከአሠሪ ቤት ወጥተው በግላቸው በሰዓት የሚሠሩ ናቸው። አለቃቸው የጅማ ሴት ናት፤ ቡርጅ ኤል ባራጅነህ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንድ ክፍል ከሌሎች ጋር ተከራይታ፣ ወረቀት ሳይኖራት፣ ሁለት ሚኒባስ ቀያይራ ትመጣለች። ሰውነቷ ግዙፍ ነው፤ ድምፅዋ ከሰውነቷ ይበልጣል። ሊቀመንበር እንላታለን፤ ማን እንደመረጣት የሚያውቅ ግን የለም።

ሊቀመንበር ወረቀቶቹን ጮክ ብላ አነበበችልን። ታሪኩ የአንዲት ማዳም፣ የአንዲት ሠራተኛና የአንድ ቁልፍ ነው። ማዳም የቤቷን ቁልፍ አንገቷ ላይ አስራ ልጅቱን ትቆልፋለች። ቁልፉ ግን በየቀኑ እየከበደ ይሄዳል። ማዳም መጀመሪያ አንገቷ ይጎብጣል፣ ቀጥሎ ወገቧ፣ በመጨረሻ መሬት ለመሬት እየዳኸች ቡና ልትጠጣ ጎረቤት ትሄዳለች፤ "ፓርዶን፣ ትንሽ ደክሞኝ ነው" እያለች። መጨረሻ ላይ ልጅቱ ጎንበስ ብላ አይታት፣ "ሌላውን ሁሉ የምሸከመው እኔ ነኝ፤ እሱንም ስጪኝ" ትላለች።

ሊቀመንበር ማንበቧን ስትጨርስ የሳቀ አልነበረም። ከዚያ አንዷ "ይቺ ልጅ እዚያ ላይ ተቆልፋ ነው ይሄን የጻፈችው?" አለች፤ ሁላችንም አንገታችንን ወደ አራተኛ ፎቅ አቀናን። ልጅቱ ሰገነቱ ላይ ቆማ ልብስ የምታሰጣ ትመስል ነበር፤ አንዱን ሸሚዝ ግን ሦስቴ አሰጣችው። እንሠራዋለን ስንላት ሸሚዙ ከእጇ አምልጦ እላዬ ላይ ወደቀ።

ችግሩ ማዳምን የሚሠራ ጠፋ። አንዷ በሳምንት ስድስት ቀን ያየኋትን በሰባተኛው አልሆናትም አለች። ሌላዋ ማዳሜ ብትሰማ ትገድለኛለች አለች። እኔ ግንቡ ላይ ተቀምጬ ሱፍ እየፈለፈልኩ እስቃለሁ። ሊቀመንበር ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች።

"አንተ ሰውዬ፣ አረብኛህ እኮ ሲፈጥረው ማዳም ነው።"

በቃ፣ ኸላስ። ድምፅ እንኳን አልተሰጠም።

አምስት እሑድ ተለማመድን። ሠራተኛዋን ልጅ ሆና የምትጫወተው ሊቀመንበር ራሷ ሆነች። ከላይ በሰሌ ተቃውሞ ወረደ፤ "ልጅቱ ቀጭን ናት" ይላል። ሊቀመንበር በዚያው ወረቀት ጀርባ "ቀጭን ነበረች፤ አሁን ራሷ አብስላ በልታለች" ብላ መለሰች። ደራሲዋ ከሰገነቷ ሆና አዘጋጅም ሆነች። እያንዳንዷን እንቅስቃሴ ከላይ ታያለች፤ ሰሌው እንደ ሹፌር እጅ ሲወጣ ሲወርድ ይውላል። ለእኔ ከደረሱኝ ትእዛዞች አንዱ፣ "ጋሼ፣ ማዳም እንደዚያ አትራመድም። የአንተ አረማመድ እንስራ ያዘለ ሰው አረማመድ ነው" የሚል ነበር። ተረከዙ ስንዝር በሆነ ጫማ ስድሳ ጊዜ መኪና ማቆሚያውን ዞርኩ። እግሬ በእነዚያ አምስት ሳምንታት ያየውን መከራ ከደሴ ኮምቦልቻ በእግሬ ስመላለስ አላየውም።

የልጅቱ ምኞት አንድ ነበር፤ የጻፈችውን ሰው ፊት ሲሠራ ማየት። ከሰገነቷ መኪና ማቆሚያው ወለል ብሎ ይታያታል፤ ስለዚህ ተቆልፋም ቢሆን ታየዋለች ብለን ነበር።

የቴአትሩ እሑድ ደረሰና ዝናብ ወረደ። ዝናብ ስል የቤሩት ዝናብ ነው፤ መንገዱን ወንዝ፣ መኪናውን ጀልባ የሚያደርግ። ከካርቶን ቆርጠን በብር ቀለም የቀባነው ቁልፍ እንደ ጨጨብሳ ተፈረፈረ። ሊቀመንበር ወደ ሕንጻው መግቢያ እንግባ ብላ አዘዘች። ገባን። መግቢያው ሰፊ ነው፣ ወለሉ እብነ በረድ ነው፣ ግን ከአራተኛ ፎቅ አይታይም። በደረጃው ክፍተት ቀና ብዬ መግባታችንን ስነግራት ከበሩ ጀርባ ወንበር ስትጎትት ሰማሁ። ከዚያ "እሺ፣ ጮክ በሉ፤ ጆሮዬን በሩ ላይ አደርጋለሁ" አለች።

ቁልፉን ደግሞ ምን ላድርግ? ወደ ክፍሌ ሮጥኩና ከሚስማሮቹ ላይ ረዥሙንና የሚያብረቀርቀውን መዝዤ በሰንሰለት አንገቴ ላይ አሰርኩት። ጫፉ ላይ ሰማያዊ ዶቃ ነበረው፤ ከቀሚሴ ጋር ሲሄድ!

ተመልካች አልጠራንም ነበር። የጠራልን መብራቱ ነው። የመንግሥቱ መብራት የለም፤ የሰፈሩ ጄኔሬተር ደግሞ ከሰዓት በኋላ ለሁለት ሰዓት ያህል ያርፋል፤ ያኔ አሳንሰሩ ይሞታል። ከእሑድ ምሳ የሚመለሱት ማዳሞች በዝናብ ርሰው፣ ትሪና ጣሳ ይዘው፣ ደረጃ መውጣት ክብራቸው ስላልፈቀደ መብራት እስኪመጣ መግቢያው ላይ ቆሙ። የሁለተኛ ፎቋ አሮጊት፣ ሕንጻው በሙሉ "ተይታ" የሚላቸው፣ ማለትም አያቴ፣ ወንበር አስመጥተው ከፊት ተቀመጡ። ከዚህ የበለጠ የተመቸ ተመልካች የትም አይገኝም፤ ቢጠላህም መሄጃ የለውም።

ጀመርን። ወላሂ አማርኛ የማያውቁት እንኳን ሳቁ። የእኔ አረብኛ ሲወጣማ ተይታ ዓይናቸውን በመሐረብ ይጠርጉ ጀመር፤ ቃል በቃል በራሳቸው ቤት የሚባለው ነው። በዚህ መሐል የሕንጻው በር ተከፈተና የአራተኛ ፎቅ ማዳም ገባች። ተራራው ላይ ዝናቡ ብሶ ምሳውን ትተው ቀድመው ተመልሰዋል። የአሳንሰሩን መጥሪያ ተጫነች፤ የለም። የጣፋጭ ትሪዋን እንደያዘች ከተይታ አጠገብ ቆመች። እኔ ያኔ ወገቤ ጎብጦ ወደ መሬት እየቀረብኩ ስለነበር ያየሁት ጫማዋን ብቻ ነው።

የመጨረሻው ትዕይንት ደረሰ። ተንበርክኬያለሁ፤ ቁልፉ ወደ ምድር ይጎትተኛል። ሊቀመንበር በላዬ ቆማ ያንን ትልቁን ቃል በአማርኛ ልትል አፏን ከፈተች፤ ግን የማዳሞቹን ፊት አየች። ሳቃቸው ቆሟል፤ ምን ልትል እንደሆነ እየጠበቁ ነው። በአማርኛ ብትለው እንደማይገባቸው ገባት። ስለዚህ ያላትን አረብኛ ፈለገች። ያላት ደግሞ ትእዛዝ ብቻ ነው።

"ያላ፣ ጂቢ ሚፍታሕ" አለች። ቁልፉን አምጪ።

በዚያ ሕንጻ ዕድሜ ሠራተኛ ለማዳም "ጂቢ" ብላ አታውቅም። ከዚያ ተይታ ምርኩዛቸው እስኪወድቅ ሳቁ፤ እኔም እንዲህ የሚል ነገር ስላልተለማመድን ደንግጬ ልነሳ ስል ተረከዙ ተገነጠለ። በጀርባዬ ተዘረርኩ። ሰንሰለቱ ተበጠሰ፣ ቁልፉ በእብነ በረዱ ላይ ተንሸራቶ ሄዶ፣ ሄዶ፣ የአራተኛ ፎቋ ማዳም ጫማ ሥር ቆመ።

ትሪዋን ለሰው ሰጥታ አነሳችው። ሰማያዊውን ዶቃ አገላብጣ አየች። "ይሄ የእኔ ቁልፍ ነው" አለች፤ ለራሷ የምትነግር ትመስላለች። "ዶቃውን ያሰርኩት እኔ ነኝ።"

"የምን ቁልፍ?" አሏት ተይታ።

"የቤቴ።"

"ልጅቱስ የት ናት?"

ማዳሟ መልስ ከመስጠቷ በፊት ከአራተኛ ፎቅ ድምፅ መጣ። ደራሲዋ እታች የሆነውን ከየት አውቃ! ዝም ስንል ሊቀመንበር ቃሏን የረሳች መስሏት፣ ከተቆለፈው በር ጀርባ ሆና ታስታውሳታለች። በአማርኛ፣ በሙሉ ጉሮሮዋ።

"ሌላውን ሁሉ የምሸከመው እኔ ነኝ በያት እንጂ!"

ሁሉም ቀና አለ። ተይታ "ይቺ ደግሞ ማን ናት?" ብለው ጠየቁ። ከወለሉ ላይ ሆኜ ይህን የጻፈችው ናት አልኳቸው። ተይታ ምርኩዛቸውን አስነስተው ወደ ማዳሟ ዞሩ። ከማዳሞች ሁሉ በላይ ያለች ማዳም እንዴት እንደምትናገር ያን ጊዜ ሰማሁ፤ ሰዋስዉ ያው የእኛው ነው።

"ጥለዒ፣ ፍተሒ" አሏት። ወደ ላይ ውጪ፣ ክፈቺ።

ማዳሟ ፊቷ ቀልቶ፣ ጎረቤቶቿ ሁሉ እያዩዋት፣ በተረከዝ ጫማዋ አራት ፎቅ በእግሯ ወጣች። ጫማዋ ቀጭ ቀጭ ሲል እስከ ላይ ቆጠርነው። በሩ ሲከፈት ተሰማን።

ልጅቱ ወረደች። ከገመትኳት ታጥራለች። እንባና እቅፍ ጠብቄ እጆቼን ዘረጋሁ፤ እሷ የተገነጠለውን ተረከዝ አየችና "ጋሼ፣ ሁለተኛውን ትዕይንት እኮ ግማሹን ዘላችሁታል፤ ሰምቻለሁ" አለች። እንደገና ከመጀመሪያው አሠራችን፤ እኔ በአንድ ጫማ እያነከስኩ። መብራት መጣ፣ አሳንሰሩ ተንቀሳቀሰ፤ የወጣ ሰው ግን የለም። ማዳሟ ከተይታ አጠገብ ተቀምጣ አየች። አልሳቀችም፤ አልሄደችምም። መጨረሻ ላይ የጣፋጭ ትሪውን ከፍታ ዞር ዞር አደረገችው፤ ለሊቀመንበር ስትደርስ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "ሲል ቩ ፕሌ" አለቻት። ሊቀመንበር "መርሲ" ብላ ሦስት አነሳች።

በሚቀጥለው እሑድ ልጅቱ የቤቱን ቁልፍ በኪሷ ይዛ በራሷ እግር ወረደች። ሁሉም ነገር አልተፈታም፤ ፓስፖርቷ ዛሬም የማዳሟ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ስለ እሱ ሌላ ቴአትር እየጻፈች ነው። ግን ሕንጻው ተቀይሯል። የሕንጻው ኮሚቴ የስድስተኛ ፎቁ ሰውዬ አበባ ሲያጠጣ ውሃው የሰው ልብስ ላይ እንዳይወርድ ስንት ዓመት ማስታወቂያ ለጠፈ፤ ሰውዬው አንብቦት አያውቅም። ኮሚቴው በመጨረሻ ልጅቱን ለመናት። እሷም የግማሽ ሰዓት ጨዋታ ጻፈች፤ ሰውዬውን የሠራሁት እኔ ነኝ። ከፊት ተቀምጦ አየኝ። በማግስቱ ከየአበባው ሥር ሳህን አስቀመጠ። ማስታወቂያ አይቶ የሚያልፍ ሰው ራሱን በሌላ ሰው ገላ ላይ ሲያየው ማለፍ ያቅተዋል፤ ሌላ ጥበብ የለውም። አሁን ከየሰገነቱ ሰሌ ይወርዳል፤ ዳቦ ሳይሆን አቤቱታ ይዞ።

የእኔም ስም ገነነ። ሴቶቹ ታሪኩን ሲያወሩት፣ ናጡሩ የእንጀራ ገመዱ ይበጠሳል ሳይል፣ ሆን ብሎ የማዳሟን ቁልፍ አንገቱ ላይ አስሮ ፊቷ ቆመ ይላሉ። ጅዴይዴ ሲደርስ እኔው በእጄ ሰጥቻት "ክፈቺ" እንዳልኳት ሆኗል። አንድ ቀን ልጅቱ ራሷ ግንቡ ላይ ከጎኔ ተቀምጣ ጠየቀችኝ።

"ጋሼ፣ አውቀህ ነው አይደል ያመጣኸው?"

"ታዲያስ!" አልኳት።

ዋሽቻታለሁ። ያን ቁልፍ ያነሳሁት ስለሚያብረቀርቅ ነው። የሚያብረቀርቀውም ሁለት ዓመት ሙሉ ነክቼው ስለማላውቅ ነው። እየወጣሁ ሰሌዋ ውስጥ ዳቦ ስከት፣ ተመልሼ ከቁልፏ ሥር ስተኛ፣ የዚያ በር መክፈቻ ከራሴ በላይ እንደተንጠለጠለ አንድም ቀን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።